ቁልቁለቱን የወደደ ዳገቱንም ይውጣ

በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ አገራችን ያልተጻፈ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ስለ ገበሬው ተጽፏል፤ ስለ ድርቅ ተጽፏል፤ ስለ ሕዝቦች አንድነትና ልዩነት ብዙ ቀለም ፈስሷል። መጻፉ መልካም ነው፤ ዝም ከማለት ይሻላል። ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ለራሳችን ማቅረብ የሚገባን ይመስለናል። ይኸውም ይህን ሁሉ የምንጽፍለትን አገር በምን አየነው? የሚል ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አብዛኞቻችን ያየነው ከትውልድ ቦታችን ወደ ዩኒቨርሲቲው ስንመጣና ስንመለስ በአውቶቡስ መስኮት፣ ያውም በእንቅልፍ መካከል ነው። የቀረውን ያየነው በስልካችን ላይ ነው። ገንዘብ ያለው ደግሞ በአውሮፕላን ከደመና በላይ አልፎት ይሄዳል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። የተማሪዎች ማኅበራችን ብስክሌት ይግዛ፤ በሴሚስተሩ ዕረፍትም ተማሪዎች በቡድን በቡድን ሆነው የአገራችንን ተራራና ሸለቆ በብስክሌት ይጓዙ። ይህን ስንል የሚስቅ እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም ከአንድ ዓመት በፊት ቢነግሩን ኖሮ እንስቅ ነበር። ስለዚህ አሳባችንን ከመፍረዳችሁ በፊት ያየነውን እንድትሰሙን እንለምናለን።

አራት ነን፤ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት። አንዱ የወሎ፣ አንዱ የባሌ ልጅ ነው፤ ሁለቱ የአዲስ አበባ ልጆች ነን። መጀመሪያ ያሰብነው ወደ አባይ በረሃ ለመሄድ ነበር። የእንጦጦን ዳገት አልፎ፣ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ፣ ጎሐ ጽዮን ከደረሱ በኋላ ከ1,000 ሜትር በላይ በጥምዝምዝ መንገድ መውረድ፤ በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ መሻገር፤ ከዚያም የወረዱትን ያህል ወደ ደጀን መልሶ መውጣት፤ ለብስክሌተኛ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ቤት ከየት ይገኛል? ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ በዚያው ጎዳና ላይ በአውቶቡስ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ መታገታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከወንዙ ማዶም ቢሆን ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ጦርነት ተነሥቶ ስንት ቤት አዝኗል። ወላጆቻችን የመንገዱን ስም ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። አሳባችንን ተውነው። ተማሪ የአገሩን ታላቅ ሸለቆ በሰላም ወርዶ በሰላም መውጣት ያልቻለበት ጊዜ መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበናል። ይህንንም የምንጽፈው ነገሩ እንደ ተራ ነገር እንዳይቆጠር ብለን ነው።

በዚህ ምክንያት የባሌው ጓደኛችን ወደ አገሩ መራን። ባለፈው የካቲት ብስክሌቶቻችንን በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጭነን ሮቤ ወረድን። ከአራቱ ሁለቱ የውሰት ነበሩ። ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ነድተን ጎባ አደርንና በማግስቱ ማለዳ ወደ ሳነቲ አምባ መውጣት ጀመርን።

በአፍሪካ ከፍታ ካላቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ሳነቲን የሚያቋርጠው የጠጠር መንገድ ነው። ጎባ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ አምባው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በመካከሉ ያለውን ልዩነት በመኪና የሚሄድ ሰው በጆሮው መደፈን ብቻ ያውቀዋል። በብስክሌት የሚወጣ ግን እያንዳንዱን ሜትር ይከፍልበታል። በመጀመሪያ ጥድና ኮሶ ነበር። ኮሶው አለቀና አስታ ተተካ፤ አስታው እያጠረ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ከሣርና ከድንጋይ መካከል ብቻውን የቆመ ጅብራ ቀረ። ይህን የዕፀዋት ቅደም ተከተል በአሥራ አንደኛ ክፍል ሠንጠረዥ ሠርተን፣ ለፈተና አጥንተን፣ ከፈተናው በኋላ ረስተነው ነበር። አሁን ግን የምንረሳው አይመስለንም። አስታው ሲያጥር የእኛም ትንፋሽ አብሮ እያጠረ ነበርና። በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ስድስት አሥረኛው ያህል ብቻ ነው። ይህን የሚያስረዳውን ቀመር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍልን መምህር አግኝተናል፤ ትርጉሙን ያስረዱን ግን እግሮቻችን ናቸው። ሁለት መቶ ጊዜ ፔዳል ረግጠን እንቆማለን፤ በሶ በጥብጠን እንጠጣለን፤ እንደገና እንነሣለን።

ከአምባው ላይ ሆነን፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን አየን። ቀይ ቀበሮም አየን። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ያህል ሲሆኑ ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። ቀበሮው በዚያ አካባቢ ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈል ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ብስክሌት ድምፅ ስለሌለው አልሸሸንም። ቆመን ብዙ ጊዜ ተመለከትነው። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ሲመዘገብ በየስልካችን የደስታ መልእክት የተለዋወጥን ነን፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ምን እንደ ተመዘገበ እናውቅ ነበርን? አናውቅም ነበር።

ከሳነቲ ማዶ መሬቱ ድንገት ይቆረጥና ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ከ4,000 ሜትር ተነሥቶ፣ ሪራ የምትባለውን መንደር አልፎ፣ ዶሎ መና ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል። ቁልቁለቱ ሲጀምር የደስታችን ብዛት ወሰን አልነበረውም። ቀኑን ሙሉ ያቃጠለን ዳገት አለቀ። ጣቶቻችን ከብርድ የተነሣ የፍሬኑን ማንሻ መያዝ አቅቷቸው ነበር፤ የፍሬኑ ጎማ ሲግል ይሸታል፤ እኛ ግን እንደ ሕፃን እየጮህን እንወርዳለን። በመንገዱ ላይ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ነበሩ። ደወል ደወልን። ከመንገድ ወጥተው ከቦዩ ውስጥ ቆሙ። አንዷ እጇን አንሥታ አንድ ነገር ተናገረች፤ አልሰማናትም። ብንሰማትም ከባሌው ጓደኛችን በቀር የምናውቀው ቋንቋ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ እውነትን መደበቅ ይሆንብናል። የባሌው ጓደኛችን ጎማው ተንፍሶ ወደ ኋላ በቀረበት ሰዓት ሦስታችን ቀድመን ሪራ ደረስን። ውኃ ጠምቶናል። ከአንድ ቤት ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በእጃችን ወደ አፋችን እያመለከትን እንደ ዲዳ ቆምን። አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች፣ በአገራችን ብዙ ሕዝብ በሚናገረው ቋንቋ ውኃ መለመን አቃተን። ሽማግሌው ፈገግ ብለው «ቢሻን» አሉን፤ ቃሉን እስክንደግመው ድረስ ጠበቁን፤ ከዚያ በኋላ ውኃውን ሰጡን። ያን የመሰለ ትሑት መምህር ገጥሞን አያውቅም። እኛ ከእንግሊዝ አገር የመጣ ቋንቋ ሰዋስው ስንሳሳት እናፍራለን። ያን ዕለት ያፈርነው እፍረት ግን የተለየ ነበር።

በሁለተኛው ቀን በሐረና ጫካ ውስጥ፣ ዱር በቀል ቡና በዛፎቹ ጥላ ሥር በሚያድግበት፣ የንብ ቀፎ ከየቅርንጫፉ በተሰቀለበት መንገድ ዶሎ መና ወረድን። ብርዱ ቀርቶ ላብ ያጠምቀን ጀመር። መሬት አንድ ሺህ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል ይባላል፤ ጠዋት የለበስነውን ሹራብ በየሰዓቱ አንድ አንድ እያወለቅን ደረስን። ችግሩ የመጣው ስንመለስ ነው። ሌላ መንገድ አልነበረንም፤ የወረድነውን ሁሉ መውጣት ግዴታ ሆነ። ከሪራ በላይ ባለው ዳገት ላይ መንዳት አቅቶን ብስክሌቶቻችንን እየገፋን ስንሄድ፣ ከኋላችን እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ደረሱብን፤ ደርሰውም አለፉን። ከመካከላቸው አንዷ ግን ቆመች፤ ሸክሟን ከድንጋይ አስደግፋ የእኅታችንን ብስክሌት ከኋላ መግፋት ጀመረች። እየሳቀችም የተናገረችውን የባሌው ጓደኛችን ተረጎመልን፦

«ያን ዕለት ደወል ስትደውሉ ከመንገድ የወጣሁላችሁ እኔ ነኝ። ዛሬ ሰላም ለማለት ጊዜ አገኛችሁ?»

ሁላችንም ሳቅን፤ በልባችን ግን ሁላችንም ዝም አልን። የምንጽፈው በዚህች ሴት ምክንያት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የተማረ ሰው ከሕዝቡ ጋር ያለው ግንኙነት በዚያ ዳገት ላይ ተገልጦ ታየን። ስንወርድ፣ ማለትም ነገሩ ሲቀናን፣ ደወል እየደወልን እናልፋለን፤ ሕዝቡ ከቦይ ውስጥ ቆሞ ያሳልፈናል። ስንወጣ ግን የሚገፋን እርሱ ነው። አውቶቡስ ይህን አያሳይም። በአውቶቡስ ዳገቱም ቁልቁለቱም አንድ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሞተሩ ነው። ብስክሌት ግን የወረዱትን ያህል ያስወጣል፤ የምታየውንም ሰው ሁለት ጊዜ ያሳይሃል።

ጉዟችን በዚህ አላበቃም። ወደ ሮቤ ተመልሰን አንድ ቀን ካረፍንና የተበጠሰ ካቴና ካስጠገንን በኋላ፣ በጎሮ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሶፍ ዑመር ሄድን። ከባሌ ተራሮች የሚነሣው የወይብ ወንዝ በዚያ ቦታ የኖራ ድንጋዩን በብዙ ዘመን አሟሙቶ፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ ፈልፍሎ በመሬት ውስጥ ያልፋል። ሙስሊም ወገኖቻችን ቦታውን በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም ያከብሩታል። ወደ ሸለቆው ስንወርድ ገደሉ ከላይ ከሚገመተው በላይ ጥልቅ ነው። በዋሻው ውስጥ ያሉት የድንጋይ ዓምዶች ሰው ያነጻቸው ይመስላሉ። እኛን ያስደነቀን ግን ከዓምዶቹ ይልቅ ውኃው ነው። ከቀናት በፊት በተራራው አናት በብርድ እየተንቀጠቀጥን የጠጣነው ውኃ ዘመዱ ይኸው ከበረሃው መካከል ይፈሳል። ከዚህ ሄዶ ከገናሌና ከዳዋ ጋር ሲገናኝ ጁባ ተብሎ ወደ ሶማሊያ ይገባል።

ከወንዙ ዳር ከብት የሚያጠጡ አንድ አባት አገኘን። ከየት እንደ መጣን ጠየቁን፤ ጓደኛችን ከሳነቲ መሆኑን ነገራቸው። ወዲያው ሁለተኛውን ጥያቄ አስከተሉ፦ «ከላይ ዝናብ ጥሏል ወይ?»

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቆላው ባሌ፣ በቦረናና በሶማሌ አገር አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ መቅረታቸውን በትምህርት ክፍል ሰምተናል። ከብቱ እንዳለቀም ሰምተናል። ይህ አባት ግን የሚጠይቁን ስለ ሪፖርት አልነበረም። ከተራራው የመጣ መንገደኛ ተራራውን አይቷል ብለው ነው የጠየቁን። ዕድሜያችንን ሁሉ ከተጠየቅነው ፈተና ይህ የመጀመሪያው እውነተኛ ጥያቄ ነበር። ደግነቱ መልሱን እናውቅ ነበር። ዝናብ እንዳልጣለ፣ ሌሊቱ ግን አመዳይ እንደሆነ፣ ምንጮቹም እንዳልደረቁ ነገርናቸው። በአውቶቡስ ተኝተን መጥተን ቢሆን ኖሮ ምን እንመልስ ነበር?

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። አንዳንድ ጓደኞቻችን ብስክሌት የፈረንጅ መዝናኛ ነው ይላሉ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ ስትካፈል ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞቿም ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤታችን ኤርትራዊው ብንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሄዶ ሠራተኛው በምን ሥራ እንደሚገባ የተመለከተ ሰውም ይህን ክርክር ይተዋል።

ሌሎች ደግሞ ገንዘቡስ? ይላሉ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። የአዲስ ብስክሌት ዋጋ ለአብዛኛው ተማሪ ቤተሰብ የማይደፈር ነው፤ ለዚህም ነው ጥያቄውን ለግለሰብ ሳይሆን ለማኅበሩ ያቀረብነው። ያገለገሉ አሥር ብስክሌቶች ይገዙ። የምሕንድስና ተማሪዎች ይጠግኗቸው። ለመዝናኛ ምሽት በየዓመቱ ከሚወጣው ላይ ጥቂቱ ቢቀነስ የሚሞት ሰው የለም፤ ምናልባት የሚያዝነው ሙዚቀኛው ብቻ ነው።

ሴት ልጅ በብስክሌት ተራራ ልትወጣ ነውን? የሚለውን ለመመለስ እኅታችንን ብንጠይቃት «ዳገቱ ወንድና ሴት አልለየም፤ የለያችሁ እናንተ ናችሁ» ብላለች። ከአራታችን በሳነቲ ላይ ራሱን ያልታመመ ሰው ቢኖር እርሷ ብቻ ነበረች፤ ይህንንም ሳንወድ በግድ እንመሰክራለን።

ስለ አደጋው ግን ማንም በቀላሉ እንዲያየው አንፈልግም። የጭነት መኪና አለ፤ ብርድ አለ፤ ከፍታ ላይ በችኮላ መውጣት ሕመም ያመጣል። ከሁሉም በላይ የመንገዱን ሰላም ሳያጣሩ መነሣት ሞኝነት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን የሚሄድበትን አገር ተወላጅ ተማሪ ይዞ ይሂድ፤ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና ሹማምንት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አይሆንም ከተባለ ይቅር። እንደዚሁም የጂኦግራፊ፣ የዕፀዋትና የቋንቋ መምህራኖቻችን ቢያንስ አንድ አንድ ቀን አብረውን ቢወጡ እንወዳለን። ፔዳል መርገጥ ያቃታቸው በመኪና ይከተሉን፤ አንታዘባቸውም።

በመጨረሻ የሁሉም ጉዳይ የሆነውን እናንሣ። በ2012 ዓ.ም. በብዙ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተማሪ በተማሪ ላይ ተነሥቶ ሕይወት ጠፍቷል። ሟቹም ገዳዩም በአንድ አዳራሽ የተመገቡ ነበሩ። ብስክሌት ይህን በሽታ ይፈውሳል የሚል የዋህነት የለንም። ነገር ግን የወሎው ጓደኛችን በሳነቲ ብርድ እጁ ሲደነዝዝ ጓንቱን ያጠለቀለት የባሌው ጓደኛችን ነው፤ የባሌው ጓደኛችን ጎማ ሲተነፍስ ከመነዳሪውን የለጠፈለት የወሎው ልጅ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከጉዞው በፊት በፖለቲካ አይስማሙም ነበር፤ ዛሬም አይስማሙም። ነገር ግን ሲከራከሩ አንዱ የሌላውን ንግግር እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። እኛ ያተረፍነው ይህን ነው፤ ትንሽ ነው የሚል ካለ በየግቢው የጠፋውን ያስብ።

የማኅበሩ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ጉዳይ አንሥቶ እንዲወያይበት በአክብሮት እንጠይቃለን። ኮሚቴው ቢቀበለው ደስ ይለናል። ባይቀበለውም የእኛ አራት ብስክሌቶች፣ ሁለቱ የውሰት ቢሆኑም፣ ለሚቀጥለው የካቲት ዝግጁ ናቸው። የአባይ መንገድ እስከዚያ ሰላም ካገኘ ወደ ጎሐ ጽዮን እንሄዳለን። ካላገኘም የሐረና ዳገት አለልን፤ በዚያ ዳገት ላይ ደወል ሳንደውል ቆመን ሰላም የምንላት አንዲት ሴት አለችን።